«እቴጌ ዘውዲቱ» ብዬ 500 ቀን መቁጠሪያ አተምኩ፤ ጉድ ሆኛለሁ ወይስ ያልፋል?

ባነር ሠሪው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ኅትመት ነው። ባነር፣ ቢዝነስ ካርድ፣ የሰርግ ጥሪ፣ በዚህ ሰሞን ደግሞ የአዲስ ዓመት ቀን መቁጠሪያ። አንድ ደንበኛ የኢትዮጵያ ንግሥቶች ምስል ያለበት ባለ 12 ገጽ አዘዘኝ (ጳጉሜን እንደተለመደው ነሐሴ ሥር ጠጋ አድርገናታል)። ከምስሎቹ ሥር የሚጻፈውን ራሱ በቴሌግራም ላከልኝ። ምንትዋብ፣ ጣይቱ፣ ዘውዲቱ፣ መነን፣ ሁሉም ፊት «እቴጌ» የሚል አለ። እኔ ኮፒ ፔስት። 500 ታተመ፣ ሽቦው ገባ፣ ታሸገ።

ትናንት አንድ ሽማግሌ መታወቂያቸውን ላሚኔት ሊያስደርጉ መጡ። ጠረጴዛው ላይ የታኅሣሥ ገጽ ተዘርግቷል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አነበቡና «ልጄ፣ ንግሥቲቱን ማን ዳራቸው?» አሉኝ። ግራ ገባኝ። «እቴጌ ማለት የንጉሥ ሚስት ናት። ዘውዲቱ የየትኛው ንጉሥ ሚስት ናቸው? ዙፋኑ ላይ የተቀመጡት እሳቸው!» ብለው ተቆጥተው ወጡ። በንዴት የላሚኔቱን ሒሳብም ረሱት።

እስቲ የምታውቁ እርዱኝ። ሽማግሌው ትክክል ናቸው? እቴጌ የሚለው ቃልስ ከየት መጣ? ደንበኛው ቅዳሜ ይረከበኛል።

አሮጌው መምህር፦

ሽማግሌው ትክክል ናቸው። ሒሳባቸውንም ምረላቸው።

እቴጌ በራሷ የነገሠች ሴት ማዕረግ አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱ ሚስት ሆና ዘውድ የተጫነላት ሴት ናት። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ጋብቻውም ዘውዱም። ዘውዱን የሚሰጣትም ባሏ ነው። ለንጉሡ ጳጳሱ ይቀባዋል፣ ዘውዱን ይጭንለታል። ለእቴጌዋ ደግሞ ንጉሡ። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ነገሡ። ጣይቱ እቴጌ የተባሉት ከዚያ በቀናት ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጠይቃት ጥያቄ ነበረችኝ። ጣይቱ አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ስም ሲያወጡላት ማዕረጋቸው ምን ነበር? ክፍሉ በአንድ ድምፅ «እቴጌ!» ይላል። አይደለም። ያኔ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ እንጂ ንጉሠ ነገሥት አልነበሩም። ስለዚህ የከተማዋን ስም ያወጡት ጣይቱ ገና እቴጌ ያልተባሉት ጣይቱ ናቸው።

ዘውዲቱ ሌላ ነገር ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ መኳንንቱ የምኒልክን ልጅ መረጡ። የካቲት 4 ቀን ዘውድ ጫኑ። ማዕረጋቸው «ግርማዊት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ» ነው። ባላቸው ራስ ጉግሣ ወሌ ነበሩ። ራስ እንጂ ንጉሥ አይደሉም። ደግሞም ንግሥቲቱ ዙፋን ሲይዙ ከባላቸው እንዲለዩ ተደረገ፤ የጣይቱ የወንድም ልጅ በቤተ መንግሥት ውስጥ ክንድ እንዳያበጅ ተፈርቶ። ስለዚህ ሽማግሌው «ማን ዳራቸው» ያሉት ቀልድ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ዘውዲቱ ለዙፋኑ ሲሉ ትዳራቸውን ያጡ ሴት ናቸው። እሳቸውን በሚስትነት ማዕረግ መጥራት ያሳዝናል።

ቀጥ በል፦

መምህር፣ ከይቅርታ ጋር፣ ይሄ የሕግ ባለሙያ ክርክር ነው። ሕዝቡ «እቴጌ ዘውዲቱ» ይላል። ቋንቋ የሕዝብ ነው። ባነር ሠሪው፣ ዝም ብለህ አስረክብ። ቀን መቁጠሪያ የሚያይ ሰው ቀን ነው የሚያየው።

ሚሚ ከሜሪላንድ፦

ሃሃሃ «ማን ዳራቸው»! እኚህን ሽማግሌ ወደድኳቸው።

እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም፣ ግን አንድ ነገር ልበል። እናቴ አዲስ አበባ ካሉት እህቶቿ ጋር በስልክ ስታወራ አፏ የሚውለው «ተዪኝ እቴ»፣ «ኧረ ምን እቴ»፣ «አዬ እቴ» ላይ ነው። አንድ ቀን ልጄ በስፒከር ሰምታ «እቴ ማን ናት? አያቴ ሁልጊዜ ስለሷ ነው የምታወራው» አለችኝ። እቴ እኮ እህቴ ማለት ነው አልኳት። ከዚያ ወዲህ «እቴጌ» ስሰማ ያቺ እቴ ትመጣብኛለች። አንድ ናቸው እንዴ? ወይስ የኔ ፈጠራ ነው?

ግዕዝ ተማሪ፦

ሚሚ፣ ፈጠራ አይደለም። በግዕዝ እኅት። በአማርኛ ኅ-ዋ ስትጠፋ «እት» ይሆናል። ከዚህ የወጡትን ቃላት ቁጠሪያቸው። እትዬ፣ እታለም፣ እታገኝ፣ እታፈራሁ። «እትዬ» ብለን የምንጠራት ጎረቤት ትርጉሟ «እህትዬ» ነው። ከ«እትዬ» እስከ «እቴጌ» ሩቅ አይደለም።

ሚስት ለምን እህት ትባላለች ካላችሁ፣ መኃልየ መኃልይን ክፈቱ። ሙሽራው ሙሽሪትን «እኅትየ መርዓት» ይላታል። «እህቴ ሙሽራ» ማለት ነው። የሥጋ እህቱ ሆና አይደለም። ቁልምጫ ነው፣ አክብሮትም አለበት። በየቤታችንም ስንት ባል ሚስቱን «እቱ» ይላል። ንጉሡም ሰው ነው።

በነገራችን ላይ መምህር ስለ ዘውዲቱ ያሉት ላይ ልጨምር። «ንግሥተ ነገሥታት» የሚለውን ብዙ ሰው «የንግሥቶች ንግሥት» እያለ ይተረጉመዋል። አይደለም። ነገሥታት የንጉሥ ብዙ ቁጥር ነው። የነገሥታት ንግሥት ማለት ነው፤ ወንዶቹ ንጉሦች ከሥሯ ያሉ። ይህ ደግሞ የወረቀት ማዕረግ ብቻ አልነበረም። በእሳቸው ዘመን መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። በሕግ ያ ንጉሥ የማን ንጉሥ ነበር? የዘውዲቱ። በእርግጥ የፈለጉትና የተቻኮሉት ተፈሪ ነበሩ፤ ንግሥቲቱ ወደው ነው ማለቴ አይደለም። ግን ማዕረጉ ቃል በቃል የሚሠራበት ጊዜ ነበር።

ሐረርጌ ነኝ፦

«እቴ» ገባን። «ጌ»ስ? ማንም አልነካትም። እኔ ስሜን አይታችሁ ታስታውሳላችሁ ብዬ ስጠብቅ ነበር።

እኛ ሐረር ውስጥ ከተማችንን ሐረር አንላትም፤ «ጌይ» ነው የምንላት። ቋንቋችን ጌይ ሲናን፣ ሰዉ ጌይ ኡሱእ። ከተማ፣ አገር ማለት ነው። ሐረርጌ የሚለው የድሮ ክፍለ ሀገር ስምም መጨረሻው ይኸው ጌ ነው። ስለዚህ እቴጌ «እተ ሀገር»፣ የአገር እህት። አክስቴ ከልጅነቴ ጀምራ የነገረችኝ ይህንን ነው።

ቀጥ በል፦

ታዲያ ጉራጌስ? የጉራ አገር? ይሄ ጨዋታ መጨረሻ የለውም።

አንድ ጊዜ አንዱ ደግሞ ጌ በግሪክ መሬት ማለት ነው ብሎ እቴጌን ከግሪክ ሲያመጣ አይቻለሁ። ጂኦግራፊ፣ ጂኦሎጂ፣ እቴጌ!

ሐረርጌ ነኝ፦

ግሪኩን ተወው፣ እኔ ግሪክ አላልኩም። ጎረቤት ሳለ ባሕር የሚሻገረው ማነው?

ታሪክ ወዳድ፦

ጌ ላይ አንድ ነገር ልወርውር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን ከመጡት ፖርቱጋሎች ጽሑፍ ውስጥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መጠሪያ «አሴጌ» ተብሎ ሰፍሯል። ትርጉሙንም ንጉሠ ነገሥት ብለው ሰጥተውታል። አሴጌ ምንድን ነው? ዐፄ ላይ ጌ ሲጨመርበት፣ «ዐፄጌ»። የነሱ ምላስ ጸን አይችልም፣ አሴ ሆነች።

እንግዲህ አስቡት። ለወንዱ ዐፄ-ጌ። ለሴቷ እቴ-ጌ። ጥንድ ናቸው። ከወንዱ ላይ ጌ በጊዜ ብዛት ወደቀችና ዐፄ ብቻ ቀረ። ከሴቷ ላይ ተጣብቃ ቀረች። ጌ አገር ከሆነ «የአገሩ ዐፄ» እና «የአገሩ እህት» ሁለቱም ይሄዳሉ። እኔ ሐረርጌ ያለውን እደግፋለሁ።

ግዕዝ ተማሪ፦

ጥንድነቱ ደስ ይላል፣ እቀበላለሁ። እኔ ግን ጌን አገር ነው ብዬ ለመማል አልቸኩልም። ከስም ኋላ እየተጨመረች አክብሮት የምታሳይ ቅጥያ ልትሆንም ትችላለች፤ በ«እትዬ» ላይ «ዬ»ን፣ በ«ጃንሆይ» ላይ «ሆይ»ን እንደምንጨምር። ንጉሥንና ንግሥትን በስም መጥራት ነውር ነው። በእህትነት ደረቅ አድርጎ «እቴ» ማለትም ድፍረት ነው። አንድ ማለዘቢያ ያስፈልጋል። ሆኖም «እቴ» ላይ ሁላችንም ተስማምተናል፤ ግማሹ ቃል ተፈታ።

የቁስቋም ልጅ፦

ጎንደሬ ሳይናገር ክሩ ሊያልቅ ነው እንዴ!

መምህር እቴጌ የንጉሥ ሚስት ናት ብለው ዘጉት። የምንትዋብን ነገር ሳያነሱ ግን መዝጋት አይቻልም። ምንትዋብ የዐፄ በካፋ ሚስት ነበረች። ቋራ ናት። የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥ ስሟ ብርሃን ሞገሳ። ምንትዋብ የሚለው ስም ራሱ «ምን ትዋብ!» ብሎ ያየ ሁሉ የተደነቀበት ነው። ንጉሡ ሲሞት ልጇ ኢያሱ በ1723 ዓ.ም. ነገሠ፤ ገና ልጅ ነበር። እሷም ከሱ ጋር ዘውድ ጭና አገር ገዛች። አማካሪ ሆና ከመጋረጃ ኋላ አይደለም። ዘውድ ጭና። ያም ሆኖ እስከ መጨረሻ የተጠራችው እቴጌ እየተባለች ነው።

እና ባሏ ሞተ፣ እሷ ገዛች፣ ማዕረጉ ግን እቴጌ። ይሄን እንዴት ያዩታል?

ልጅ ሆነን ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በዓል ሲደርስ እንሄዳለን። ከግቢው ጥግ የቤተ መንግሥቷ ፍራሽ አለ። ግድግዳው ላይ ድንጋይ ተጠርቦ የወጣ መስቀል፣ ሌላም ቅርጽ አለ። እኛ የምንጫወተው እሱን በጣት እየተከተልን ነበር። አንድ መሪጌታ ሁልጊዜ ያባርሩናል። «የእቴጌን ቤት አትዳብሱ!» ይሉን ነበር። የምንትዋብ አይሉም፣ የንግሥቲቱም አይሉም። እቴጌ ብቻ። ጎንደር ውስጥ ያለ ስም እቴጌ ካልክ እሷ ናት። አፅሟም ከልጇ ከኢያሱና ከልጅ ልጇ ከኢዮአስ ጋር እዚያው ነው።

አሮጌው መምህር፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሴ ይህ ነው፤ ማዕረጉ ዘውድ ሲጫንላት የምታገኘው ነው፣ ባል ሲሞት አይነጠቅም። ጣይቱም ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እንጦጦ ላይ ሆነው እቴጌ ነበሩ። ምንትዋብም ወደ ማዕረጉ የደረሰችው በበካፋ ሚስትነት ነው፣ በልጇ ዘመን ይዛው ገዛች። እንዲያውም ችግር የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲሞት ምራቷ ውቢት «አሁን የንጉሡ እናት እኔ ነኝ» ብላ ተነሣች። አሮጊቷ እቴጌ ደግሞ አልለቅም አለች። ሁለት እናት ባንድ ቤተ መንግሥት። የጎንደር መፍረስ ከዚህ ቤት ጠብ ጋር የተያያዘ ነው።

ማዕረጉ በጋብቻ ብቻ እንደሚገኝ የሚያሳየኝ ግን ሌላዋ ናት። የመጀመሪያዋ መነን፣ መነን ሊበን። የራስ ዓሊ እናት። በዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ላይ ጎንደር ውስጥ የሷን ያህል ጉልበት የነበረው ንጉሥ አልነበረም፤ ንጉሦቹ አሻንጉሊት ሆነዋል። ልጇ ራስ፣ ጦሩ የሷ፣ ገንዘቡ የሷ። እቴጌ መባል ሲያምራት ምን አደረገች? ዐፄ ዮሐንስ ሦስተኛን አገባች። ያን ሁሉ ይዛ እንኳ እቴጌ የምትባለው ንጉሥ አግብታ ነው። ደካማ ንጉሥ ቢሆንም ንጉሥ ነው።

ባነር ሠሪው፣ ቀን መቁጠሪያህ ላይ ያለችው የትኛዋ መነን ናት? ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

ባነር ሠሪው፦

የትምህርት ቤቷ። መነን አስፋው። ግንቦት ላይ ናት። ደግነቱ እሷ ትክክል ናት አይደል? እባካችሁ ትክክል ናት በሉኝ።

አሮጌው መምህር፦

ትክክል ናቸው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከባላቸው ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር በአንድ ቀን ዘውድ የተጫነላቸው የመጀመሪያዋ እቴጌ ናቸው። ቀድሞ እቴጌዋ በሌላ ቀን፣ በቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የካቲት አረፉ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ 12 ዓመት ያለ እቴጌ ነገሡ፣ ዘውዱም አብሮ ወደቀ። መነን የመጨረሻዋ ናቸው።

ቀጥ በል፦

እሺ፣ ማዕረግ አይቀየርም ለምትሉኝ አንድ ጥያቄ። የኔ እናት ወይዘሮ ናት። ሠፈራችን ያለች ጉሊት ቸርቻሪ ወይዘሮ ናት። ወይዘሮ ዱሮ የማን ነበር? የነገሥታት ልጆች! ማንም ዝም ብሎ ወይዘሮ አይባልም ነበር። አሁን የመብራት ቢል ላይ ሳይቀር አለ። ታዲያ ወይዘሮ ከቤተ መንግሥት ወጥታ ጉሊት ከወረደች፣ እቴጌ ከሚስትነት ወደ ንግሥትነት ከፍ ብትል ምን ችግር አለው?

ታሪክ ወዳድ፦

ቀጥ በል ዛሬ ቀጥ አለ። ምርጥ ነጥብ።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ቁስቋም ነው ያረፈው፤ ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር ሐኪም ሆኖ። ምንትዋብን በመጽሐፉ «ኢቴጌ» እያለ ይጽፋታል። ልጇን አስቴርን፣ የራስ ሚካኤል ስሑልን ሚስት ማለት ነው፣ «ኦዞሮ አስቴር» ይላታል። ኦዞሮ የኛ ወይዘሮ ናት። እናት እቴጌ፣ ልጅ ወይዘሮ። በዚያ ቤት ወይዘሮ ማለት ዛሬ ልዕልት እንደምንለው ነበር። ከዚያ መኳንንት ሴቶች ወሰዱት። ቀጥሎ የባለሥልጣን ሚስቶች። በመጨረሻ ያገባ ሁሉ።

ግን ልዩነት አለ ወዳጄ። ወይዘሮ የወረደችው ብዙ ሰው ስለፈለጋት ነው። እቴጌን ዘውዲቱ ላይ የለጠፍንባት ግን ፈልገን አይደለም፣ ሳናውቅ ነው። «ሴት ንጉሥ በአማርኛ ምን ትባላለች?» ሲባል አፋችን ላይ የሚመጣው ጣይቱ ናት፣ ጣይቱ ደግሞ እቴጌ ናት፣ በቃ ሁሉም እቴጌ ሆነ።

ሳላምድ፦

ህንደኬም እኮ እንደዚያው ናት። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ፣ ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8፣ ጃንደረባው የ«ህንደኬ የተባለች የኢትዮጵያ ንግሥት» አዛዥ ነው ይላል። ልጅ ሆኜ ህንደኬ የሴትዮዋ ስም ነው የመሰለኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት «የህንደኬ አባት ማን ይባላል?» ብዬ ጠይቄ መምህሩን አስጨንቄያለሁ።

ስም አይደለም፤ የመርዌ ንግሥቶች ማዕረግ ነው። የዛሬዋ ሱዳን፣ ከአባይ ዳር። ካንዳኬ። ብዙ ካንዳኬዎች ነበሩ። አንዷ አማኒሬናስ ከሮማውያን ጋር ተዋግታለች፤ ጦሯ ከግብፅ የወሰደውን የአውግስጦስ ሐውልት የነሐስ ራስ መርዌ ላይ ከደጃፍ ሥር ቀብረውት እ.ኤ.አ. በ1910 ተገኝቷል። ገቢው ወጪው እንዲረግጠው ነው የሚሉ አሉ። ዛሬ ለንደን ነው ያለው።

የቁስቋም ልጅ፦

ሰውየው ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ደጃፍ ሥር! ጥሩ ሴት።

ሚሚ ከሜሪላንድ፦

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። እቴጌ እንደሚስት ብቻ ከሆነ፣ ሴት ልጆቻችንን «እቴጌ» ብለን ስንቆላምጥ ሚስትነትን እያስተማርን ነው ማለት ነው? ልጄ ፀጉሯን ስሠራት መስታወት ፊት ቀጥ ብላ ትቀመጥና «አማዬ እቴጌ መሰልኩ?» ትላለች። ከእንግዲህ «ንግሥተ ነገሥታት መሰልሽ» ልበላት? በጣም ረጅም ነው እኮ፣ ሹሩባው ያልቃል።

ግዕዝ ተማሪ፦

«ንግሥት» በላት። አጭር ነው፣ ሙሉ ነው። ነግሠ ከሚለው ግስ ነው። ንጉሥ የነገሠ፣ ንግሥት የነገሠች። ማንንም ማግባት አይጠይቅም። ንግሥተ ሳባ ባል አልነበራትም፤ በመጽሐፍም «ንግሥተ አዜብ»፣ የደቡብ ንግሥት ተብላ ነው የተጻፈችው። የሰሎሞን ሚስት ተብላ አይደለም።

ደግሞ ከእቴጌ በፊትም ሌሎች ማዕረጎች ነበሩ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት «በዓልቲሐት» የሚባሉ ነበሩ፤ የቀኝና የግራ። ልክ እንደ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች ንግሥቶቹም ቀኝና ግራ ነበራቸው። እሌኒ ከዚያ ቤት የወጣች ናት። የሐድያ ገዢ ልጅ። በልብነ ድንግል ልጅነት አገር የመራችውና ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላከችው እሷ ናት። መልእክተኛው ማቴዎስ እ.ኤ.አ. በ1514 ሊዝበን ደረሰ። ከላይ ታሪክ ወዳድ የጠቀሳቸው ፖርቱጋሎች የመጡት የሱን እግር ተከትለው ነው።

ሐረርጌ ነኝ፦

ከሐድያ መጥታ ለሊዝበን የጻፈች ሴት... ቀን መቁጠሪያው ላይ አለች?

ባነር ሠሪው፦

የለችም። 12 ገጽ ነው ያዘዘው። ከሷ ይልቅ ሁለት ገጽ የፋብሪካው ማስታወቂያ ነው።

አሮጌው መምህር፦

ልጄ፣ ሠፈርህ ከአዲስ አበባ ካልራቀ አንድ ቀን አራት ኪሎ አካባቢ በዓታ ማርያም ሂድ። ቤተ ክርስቲያኑን ለአባታቸው መካነ መቃብር ብለው ያሠሩት ዘውዲቱ ናቸው። ምድር ቤት ትወርዳለህ። ይቀዘቅዛል፣ ብርሃኑ ትንሽ ነው። ሦስት የእብነ በረድ መቃብር ታያለህ። መካከል ምኒልክ። በግራና በቀኝ ጣይቱና ዘውዲቱ። እቴጌዋም ንግሥተ ነገሥታቷም እዚያው ናቸው፤ በእንጀራ እናትና በእንጀራ ልጅነት፣ በአማትነትም ቅርበት የኖሩ ሴቶች። ራስ ጉግሣ የጣይቱ የወንድም ልጅ ነበሩ ብያችኋለሁ። አንቺም በሚባል ቦታ ሲዋጉ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ሞቱ። ንግሥቲቱ መጋቢት 24 አረፉ። ሁለት ቀን ብቻ።

እኔ ተማሪዎቼን እዚያ ይዤ ስወርድ ማዕረጋቸውን አስቀድሜ አልነግራቸውም ነበር። ወርደው ከቆሙ በኋላ «ሚስቱ የትኛዋ ናት፣ ልጁ የትኛዋ ናት?» እላቸዋለሁ። ያን ከለዩ በኋላ እቴጌንና ንግሥተ ነገሥታትን የሚያምታታ አላየሁም።

ቀጥ በል፦

እሺ ተሸነፍኩ መምህር። የሁለት ቀኑን ነገር ስሰማ ዝም አልኩ።

ባነር ሠሪው ግን ምን ያድርግ? እንደገና ማተም ኪሳራ ነው።

ታሪክ ወዳድ፦

ስቲከር። ግልጽ ሳይሆን ነጭ፣ ከጽሑፉ በላይ የሚለጠፍ። 500 ብቻ ነው፣ አንድ ማታ ያልቃል።

ባነር ሠሪው፦

ሰላም፣ ተመለስኩ። ቅዳሜ አለፈ። ልንገራችሁ።

ለደንበኛው ደወልኩለትና ነገርኩት። መጀመሪያ «ማን ያውቀዋል» አለ። «አንድ ሽማግሌ አውቀውብኛል፣ ሌላም ያውቅብሃል» አልኩት። የሚሰጣቸው ለድርጅቱ ትልልቅ ደንበኞች ነው። ዝም አለና «አስተካክለው፣ ሒሳቡን ግማሽ ግማሽ» አለኝ። የኔ ጥፋት ባይሆንም እሺ አልኩ።

ችግሩ ሌላ ነበር። «እቴጌ» አራት ሳንቲ ሜትር ላይ ትገባለች። «ንግሥተ ነገሥታት» ግን አትገባም። ፊደሉን ሳሳንሰው ከሌሎቹ ገጾች ጋር አልሄድ አለ፤ የታኅሣሥዋ ሴትዮ ስሟ ከሌሎቹ ያነሰች መሰለች። ደግሞ ከሁሉ የበለጠው ማዕረግ የሷ ነው። መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ሰበርኩት፣ ላይ «ንግሥተ ነገሥታት»፣ ታች «ዘውዲቱ»። ከእህቴና ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስንለጥፍ አደርን። እህቴ በየመቶው «ተው እቴ፣ ማን ያየዋል» ትለኛለች። ሚሚ፣ አንቺን አስታወስኩ።

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌው መጡ። የላሚኔቱን ሒሳብ ሊከፍሉ። አልቀበልም ብል አሻፈረኝ አሉ። ለሳቸው ያስቀረሁትን አንዱን ቀን መቁጠሪያ ሰጠኋቸው። ታኅሣሥን ገለጡ። መነጽራቸውን ሰቀሉ። ስቲከሩን በጥፍራቸው ጫፍ ትንሽ ነካ ነካ አደረጉት፣ እንዳይላቀቅ ይሆናል። ሁለቴ አነበቡት።

ከዚያ ቀና አሉና «ጎሽ» አሉኝ። «ግርማዊት የሚለውስ የት ሄደ?»